ልጅ ከጠባ በኋላ ስለ ማስገሳት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጎንደር ውስጥ በየአራስ ቤቱ፣ በክትባት ወረፋ ላይና ሌሊት በስልክ ደጋግመው የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከበዱት እንሄዳለን።

ልጅ ከጠባ በኋላ ማስገሳት ለምን ያስፈልጋል?

ልጅ ሲጠባ ከወተቱ ጋር አየርም ይውጣል። ሲያለቅስ ደግሞ ይብስበታል። ያ አየር ጨጓራው ውስጥ ቦታ ይይዛል። ልጁ ሳይጠግብ የጠገበ ይመስለዋል፣ ይነጫነጫል፣ እግሩን ወደ ሆዱ ይሰበስባል። አንዳንዴም አየሩ ሲወጣ ወተቱን ይዞት ይወጣል።

እኛ ቁጭ ብለን ስለምንበላ አየሩ በራሱ ጊዜ ይወጣልናል። ጨቅላ ግን ጋደም ብሎ ነው የሚጠባው፤ ቀና ብሎ የመቀመጥ አቅም የለውም። ስለዚህ ቀና የምናደርገው እኛ ነን። ልጁን ቀና አድርጎ፣ አንገቱን ደግፎ ጥቂት ደቂቃ መያዝ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ጥበብ የለውም።

መቼ መቼ ነው የማስገሳው?

ጡት የምታጠቢ ከሆነ ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው ስትቀይሪ፣ ከዚያም ጠብቶ ሲጨርስ። በጡጦ ከሆነ መሐል ላይም ማቆም ጥሩ ነው፤ ለጨቅላ በየ60 ሚሊ ሊትሩ ገደማ።

ልጁ ራሱም ይናገራል። ጡቱን ይይዝና ይለቃል፣ መልሶ ይፈልጋል፣ ይወራጫል፣ ጀርባውን ይለጥጣል። ያኔ አየር ይዞት ሊሆን ስለሚችል ቀና አድርጊው። በሰላም እየጠባ ያለን ልጅ ግን ለማስገሳት ብለሽ ከጡት አትንጠቂው። ያለቅሳል፤ ሲያለቅስ ሌላ አየር ይውጣል።

እንዴት አድርጌ ልያዘው?

የተለመዱት አያያዞች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው እናቶቻችን ሁሉ የሚያውቁት የትከሻው ነው። ትከሻሽ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርጊ። ልጁን ደረትሽ ላይ አስጠግተሽ አገጩ ትከሻሽ ላይ እስኪያርፍ ከፍ አድርጊው። አንድ እጅሽ መቀመጫውን ይይዛል፣ ሌላው ጀርባውንና አንገቱን ይደግፋል። ልጁ ዝቅ ብሎ ከተያዘ ፊቱ ደረትሽ ውስጥ ይቀበራል፤ እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው። ፊቱ ወደ ኋላሽ ስለሆነ አይታይሽም። ሰው ካለ "አፍንጫውን እዪልኝ" በይ፣ ከሌለ መስታወት ፊት ቁሚ።

ሁለተኛው ጭን ላይ ማስቀመጥ ነው። ለጀማሪ እናት እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው፤ የልጁ ፊት ከዓይንሽ አይርቅምና። ልጁን ጭንሽ ላይ ወደ ጎን አስቀምጪው። የአንድ እጅሽ መዳፍ ደረቱ ላይ ይረፍ። አውራ ጣትሽና ሌባ ጣትሽ አገጩን ከሁለት በኩል ይያዙት። አገጩን ነው፤ ጉሮሮውን እንዳትነኪ። ጣቶችሽ ወደ አንገቱ ከወረዱ ትንፋሹን ይጫኑታል። ከዚያ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል አድርጊውና በሌላው እጅሽ ጀርባውን አሺው። ጀርባው ቀጥ ይበል። ጎብጦ ከተጣጠፈ ሆዱ ይጨመቅና ከአየሩ ይልቅ ወተቱ ይወጣል። በዚህ አያያዝ ግሳቱ ሊመጣ ሲል ታውቂዋለሽ፤ ልጁ ድንገት ጸጥ ይላል፣ ዓይኑን ያፈጣል፣ ግንባሩን ኮስተር ያደርጋል፣ ከዚያ ይለቀዋል።

ሦስተኛው በሆዱ ጭንሽ ላይ ማስተኛት ነው። ራሱ ከደረቱ ትንሽ ከፍ ይበል፣ ፊቱ ወደ ጎን ይዙር። በሌሎቹ እምቢ ያለ ልጅ አንዳንዴ በዚህ ያገሳል። ጠግቦ ወዲያው ከሆነ ግን ወተቱን ያመጣዋል፤ ጥቂት ቆይተሽ ሞክሪው።

ጀርባውን ምን ያህል ጠንከር አድርጌ ልምታው?

ቸብ ቸብ ብቻ ነው። መዳፍሽን ጎድጎድ አድርገሽ በትከሻዎቹ መካከል በቀስታ ቸብ ቸብ አድርጊው። መጠኑን ማወቅ ከፈለግሽ መጀመሪያ የገዛ ጉንጭሽ ላይ ሞክሪው፤ ቅር ካለሽ በዝቷል። ማሻሸትም እኩል ይሠራል፤ ከወገቡ ጀምረሽ ወደ ላይ እያሻሸሽ ውጪ። ብዙውን ጊዜ አየሩን የሚያወጣው ቀና ማለቱ ነው፣ እጁ የሚያግዘው ጥቂት ነው።

ልጅን መናጥ ግን ፈጽሞ አይደረግም። ወደ ላይ ወርውሮ መቅለብም እንደዚያው። የጨቅላ አንገት ራሱን መሸከም አይችልም፤ መናጥ አንጎል ውስጥ ደም እስከ ማፍሰስ ይደርሳል። ልጁ አልቅሶ አልቅሶ ትዕግሥትሽ ካለቀ አልጋው ላይ በጀርባው አስተኝተሽው ለደቂቃ ወጣ በይ፣ ሰውም ጥሪ። ይሄ ነውር አይደለም።

ስንት ደቂቃ ልሞክር? ካላገሳስ?

አምስት ደቂቃ ገደማ ይበቃል። በአንዱ አያያዝ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሞክሪና ቀይሪው። ከትከሻ ወደ ጭን ስታወርጂው እዚያው የሚያገሳ ልጅ ብዙ ነው፤ አቀማመጡ ሲቀየር አየሩም ቦታ ይለውጣል።

ካላገሳ ተዪው። አየር አልዋጠም ይሆናል፣ ወይም በታች በኩል ይወጣል። ፊቱ የተረጋጋ፣ ጭብጡ የተፈታ፣ ሰውነቱ የላላ ከሆነ ጉዳዩን ጨርሷል። አራስ እናት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግሳት ስትጠብቅ ቁጭ ብላ ስታነጋ ከልቤ አዝናለሁ። እህቴ፣ ተኚ። ቆይቶ ከተነጫነጨ ብድግ አድርገሽ መልሰሽ ትሞክሪያለሽ።

ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅም የግድ ማግሳት አለበት?

የግድ አይደለም። ጡት በደንብ የያዘ ልጅ ብዙ አየር አይውጥም። ሕንድ ውስጥ ቻንዲጋር ላይ በ71 እናቶችና ሕፃናት ተሠርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ማስገሳት ቁርጠትን ያን ያህል እንዳልቀነሰ፣ ይልቁንም ሲያስገሷቸው የነበሩት ልጆች በብዛት እንዳቀረሹ አገኘ። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ "ማስገሳት ይቅር" አያሰኝም። ነገር ግን ልጄ አላገሳም ብላ ለምትጨነቅ እናት ጥሩ እፎይታ ነው።

ልጅሽ ሁልጊዜ አየር የሚይዘው ከሆነ መጀመሪያ አጠባቡን ተመልከቺ። አፉ በሰፊው ተከፍቶ ጫፉን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጥቁሩን ክፍል ጭምር መያዝ አለበት። የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ አገጩ ጡትሽን ይነካል። ሲጠባ ጧ ጧ የሚል ድምፅ ከተሰማሽ አየር እየገባ ነው። ትንሿን ጣትሽን ታጥበሽ በአፉ ጎን አስገቢ፣ ጡቱን አስለቅቂውና እንደገና አጉርሺው። ወተትሽ በኃይል የሚመጣና ልጁን የሚያጣድፈው ከሆነ ደግሞ ወደ ኋላ ደገፍ ብለሽ ከላይሽ አድርገሽ አጥቢው፤ ፍሰቱ ይቀንስለታል።

በጡጦ ነው የምመግበው፤ አየሩን እንዴት ልቀንስ?

ልጁን ቀና አድርገሽ ያዢው። ጡጦውን አዘንብዪውና ጫፉ ሁልጊዜ በወተት የተሞላ ይሁን። የዱቄት ወተት ሲበጠበጥ አረፋ ይሠራል፤ አረፋው እስኪሰክን ጠብቂ። ቀዳዳውንም እዪው፦ ጡጦው ሲገለበጥ ወተቱ ጠብ ጠብ ማለት አለበት። የሚንቆረቆር ከሆነ ሰፍቷል፣ ልጁን ያጣድፈዋል። ምንም ካልወጣ ጠቧል፣ ሲታገል አየር ይስባል። ጡጦውን ትራስ ላይ አስደግፎ ልጁን ብቻውን መተው አደገኛ ነው፤ ትን ሊለው ይችላል።

ጡጦ ማጽዳት ከባድ ሥራ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ይብሳል። ጤና ባለሙያዎች ከጡጦ ይልቅ በንጹሕ ትንሽ ኩባያ መመገብን የሚመክሩት ለዚህ ነው። ኩባያውን ከከንፈሩ ታስነኪያለሽ፣ ልጁ ራሱ እየላሰ ይወስዳል። አፉ ውስጥ አታፍስሺለት።

እስከ ስንት ወሩ ነው የማስገሳው?

አብዛኛው ልጅ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ራሱን ችሎ ማግሳት ይጀምራል። አንገቱ ሲጠና፣ ሲገለባበጥ፣ ተደግፎ ሲቀመጥ ያንቺ እገዛ እየቀነሰ ይሄዳል። ቀን ቆጥረሽ ማቆም አይጠበቅብሽም፤ ያላንቺ እገዛ ሲያገሳ ትሰሚዋለሽ።

ሌሊት እየጠባ እንቅልፍ ከወሰደው ልቀስቅሰው?

አትቀስቅሺው። እንደተኛ ቀስ አድርገሽ ትከሻሽ ላይ አውጪውና ለጥቂት ደቂቃ ያዢው። ብዙ ልጅ ሳይነቃ ያገሳል። ካላገሳም በጀርባው አስተኚው።

"በጀርባው ቢተኛ ትውከቱ ያንቀዋል" የሚለው ስጋት በየቤቱ አለ። ጤነኛ ልጅ በጀርባው ሲተኛ የመታነቅ አደጋው አይጨምርም፤ ያቀረሸውን ይውጠዋል ወይም ይተፋዋል። በሆድ ማስተኛት ግን በእንቅልፍ ላይ ከሚደርስ ድንገተኛ ሞት ጋር በግልጽ የተያያዘ ነው። ትራስ አያስፈልገውም። እንቅልፍ እያዳፋሽ ከሆነ ደግሞ ልጁን ይዘሽ ሶፋ ላይ ጋደም አትበይ። እንደያዝሽው እንቅልፍ ከወሰደሽ በሶፋውና በሰውነትሽ መካከል ሊታፈን ይችላል።

ባገሳ ቁጥር ወተት ያቀረሻል። ምግቡ እየወጣበት አይደለም ወይ?

ጥቂት ወተት ማቅረሸት የጨቅላ ወግ ነው። በጉሮሮና በጨጓራ መካከል ያለው መዝጊያ ገና አልጠነከረም፤ ስለዚህ አየሩ ሲወጣ ወተትም ይከተላል። እርጎ የመሰለ ሆኖ ከወጣ ጨጓራ ውስጥ ስለቆየ ነው። አራት ወር አካባቢ በዝቶ ይታያል፣ ዓመት ሲሞላው አብዛኛውን ይተወዋል። ጋቢ ላይ የፈሰሰ ወተት ሁልጊዜ ከመጠኑ በላይ ይመስላል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጨርቅ ላይ አፍስሰሽ ብታነጻጽሪው ትረጋጊያለሽ።

መለኪያው ክብደቱ ነው። በ45 ቀኑ ክትባት ላይ ሲመዘን በደንብ ጨምሮ ከተገኘ፣ የሚያቀርሸው ችግር አልሆነበትም ማለት ነው። ማቅረሸቱን ለመቀነስ ጥቂት ጥቂት እያደረግሽ ቶሎ ቶሎ አጥቢው፣ ከጠባ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀና አድርገሽ ያዢው፣ ሆዱ ላይ የታሰረ ነገር ካለ አላሊለት።

ካገሳ በኋላ ስቅታ ይይዘዋል። ውሃ ልስጠው?

ውሃ አትስጪው። ስቅታ ልጁን አይጎዳውም፤ ማኅፀን ውስጥ እያለም ስቅ ይለው ነበር። በራሱ ይተወዋል። ማጥባት ከፈለግሽ አጥቢው። ማስደንገጥና ግንባሩ ላይ እርጥብ ክር መለጠፍ አያስፈልግም።

በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት። ትከሻ ላይ ማንሣት ያመኛል።

አታንሺው። ወንበር ላይ ተደግፈሽ ተቀመጪ፣ ስፌቱ እንዳይነካ ሆድሽን በትራስ ሸፍኚ፣ ከዚያ ልጁን ጭን ላይ በማስቀመጥ አስገሺው። ለማንሣትና ለማውረድ ሌላ ሰው ያግዝሽ። አንቺ ማጥባት፣ የሚያግዝሽ ሰው ማስገሳት፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥሩ የሥራ ክፍፍል ነው።

አባትየው ያስገሳዋል ወይስ የሴት ሥራ ነው?

በደንብ አድርጎ ያስገሳዋል። ማጥባት አይችልም፣ ማስገሳት ግን ይችላል። የአባት ደረት ሰፊ ነው፣ ልጁም ድምፁን ይለምደዋል። አራስ ቤት ውስጥ ገንፎውን የሚያገነፋ፣ አጥሚቱን የሚያፈላ ሰው ሞልቶ አባትየው ጥግ ይዞ የሚቀመጥበት ቤት አለ። "ና፣ ያዘው" በይው። መጀመሪያ አንገት አያያዙን አሳዪው፣ ሰዓቱን ይፍታ፣ ሹል ቁልፍ ያለው ጃኬትም ያውልቅ።

ጎንደር ብርድ ነው። በጋቢ እንደተጠቀለለ ላስገሳው?

ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ልጁ ይሞቀው ዘንድ መጠቅለሉ ተገቢ ነው። ግን እጅና እግሩ ተጣብቆ፣ ሆዱ ተጠፍሮ የተጠቀለለ ልጅ አየሩን ማስወጣት ይቸግረዋል። ስታስገሺው ከወገቡ በላይ አላሊለትና ጋቢውን በሁለታችሁም ላይ ደርቢው፤ ያንቺ ገላ ያሞቀዋል።

ፊቱን ግን አትሸፍኚ። "ዓይን ይበላዋል" ተብሎ በነጠላ የተከናነበ ልጅ ሲያቀረሽ ማንም አያየውም፣ ሲታፈንም አያውቅለትም። ብርዱን ለማስቀረት ከሰል አቀጣጥሎ በር መዝጋትም አይሆንም። ጭሱና ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ አራሷንም ልጁንም ይገድላሉ።

ጠያቂ በዝቶ ቡና እየተፈላ ሳለስ?

ልጁን ከጀበናውና ከከሰሉ አርቀሽ አስገሺው። በአንድ እጅ ልጅ በሌላው ሲኒ መያዝ አይሆንም። ልጁ ሲያገሳ ድንገት ይወራጫል፣ አንድ ሲኒ ትኩስ ቡና ለጨቅላ ገላ ከባድ ቃጠሎ ነው። ጠያቂዎችሽም ልጁን ከማቀፋቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡ። ጉንፋን የያዘው ሰው ከሩቅ ይመርቅ።

በአንቀልባ ባዝለው ማስገሳቱን ይተካል?

አንገቱ ለጠና ልጅ ቀና ብሎ መታዘሉ ያግዘዋል፤ ታዝሎ እየሄደ ያገሳል። ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። ጠብቶ ወዲያው ከታዘለ ሆዱ ጀርባሽ ላይ ተጭኖ ያቀረሻል፤ ትንሽ ቆዪ። ሌላው፣ ጀርባ ላይ ያለ ልጅ ፊቱ አይታይሽም። አንገቱ ያልጠና ጨቅላን ከፊትሽ እቅፍ አድርጊው እንጂ አትዘዪው።

ከክትባት ስትመለሺ ባጃጅ ውስጥ ማጥባትም ይጠየቃል። ከተቻለ ከመሳፈርሽ በፊት አጥብተሽ አስገሺው። ኮብልስቶኑ ላይ ሲንገጫገጭ ሙሉ ሆድ ወተት አይይዝም፣ አንቺም ልጁን በሁለት እጅ መያዝ ያለብሽ እዚያ ነው።

ሽሮና ክክ ስበላ ልጁ ሆዱ ይነፋል?

አንቺ አንጀት ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ ወደ ወተትሽ አይገባም። ሽሮውን ብዪ፣ ክኩን ብዪ፣ ጎመኑንም ብዪ። አራስ እናት "ለልጁ ሆድ" እየተባለ ምግብ ሲከለከላት የምትጎዳው እሷው ናት። ቡና ግን ወደ ወተት ያልፋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስቱንም ጠዋትና ማታ የምትጠጪ ከሆነና ልጁ እንቅልፍ እምቢ ካለ ቀንሺው።

አንድ የተለየ ሁኔታ አለ። እናትየው የምትጠጣው የላም ወተት የማይስማማቸው ጥቂት ልጆች አሉ። ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ የማይድን የቆዳ ሽፍታ፣ ክብደት አለመጨመር አብረው ይታያሉ። እንዲህ ከሆነ ምግቡን በራስሽ ከመተውሽ በፊት ሐኪም ይየው።

አማቴ ለሆዱ የጤና አዳምና የአብሽ ውሃ፣ ቅቤም እንስጠው ይላሉ። ግራይፕ ዎተርስ?

ስድስት ወር እስኪሞላው ከእናት ጡት ወተት (ጡት ካልጠባ ደግሞ ከዱቄት ወተቱ) ሌላ ምንም አይገባም፤ ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት በቀር። ጤና አዳም ቡና ውስጥ ደስ ይላል፣ መጠኑ ሲበዛ ግን የሚመርዝ ተክል ነው፤ ለጨቅላ ደግሞ ትንሹም ብዙ ነው። የአብሽ ውሃ ሆዱን ሞልቶ ጡት ያስተወዋል። ቅቤ ሳንባው ውስጥ ከገባ ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ግራይፕ ዎተርም ቁርጠት ማስታገሱ አልተረጋገጠም፤ የሆድ አየር ያወጣል የሚባለው ሲሜቲኮን ጠብታም በጥናት ሲፈተሽ መድኃኒት ከሌለው ጠብታ አልተሻለም።

አማትሽን ግን አታስቀይሚያቸው። ልጅ አያያዝ ላይ እጃቸው ካንቺ ይበልጣል። "እማማ፣ እርስዎ እቅፍ አድርገው ያስገሱልኝ፣ የእርስዎ እጅ ይሻለዋል። ውሃውን ግን ስድስት ወር እስኪሞላው ከልክለውናል" በያቸው። ልጁን ትከሻቸው ላይ ወስደው እሹሩሩ ሲሉት የአብሹ ነገር ይረሳል።

ወተት ስለሚያቀረሽ "እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ" አሉኝ። ምን ላድርግ?

አታስቆርጪው። ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ሐሳብ የለኝም። እንጥል ሁላችንም ጉሮሮ ውስጥ ያለች ሥጋ ናት፤ ከማቅረሸት፣ ከሳልና ጡት እምቢ ከማለት ጋር አትያያዝም። ስትቆረጥ ግን ብዙ ደም ይፈሳል። ምላጩ ቴታነስና ሌላም ደም የሚመርዝ ኢንፌክሽን ያስገባል። በቁስል ምክንያት መዋጥ ያቃተው ልጅ ጡት ይተዋል። ተቅማጥና ትውከት ሲይዘው "ግግ ነው" ብሎ ድድ መፋቅም ይኸው ነው፤ የሚወጣው ወደፊት የሚበቅል ጥርሱ ነው።

ግፊቱ ከአያትና ከጎረቤት ሲመጣ ብቻሽን መቋቋም ይከብድሻል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ድረስ መጥታ እንድታስረዳ ጠይቂያት። ከዚያ በፊት ልጁን ለአያት ትተሽ አትውጪ፤ እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚደረገው እናት ገበያ ስትሄድ ነው።

ካስገሳሁት በኋላም አመሻሽ ላይ ለሰዓታት ያለቅሳል። አየር ነው?

የጨቅላ ቁርጠት የሚባለው ሊሆን ይችላል። ሁለት ሦስት ሳምንቱ ላይ ይጀምራል፣ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታል፣ ሦስት አራት ወር ሲሞላው ይተወዋል። ልጁ ቀን ላይ ደህና ነው፣ ይጠባል፣ ይጨምራል፤ ሲመሽ ግን ፊቱ ቀልቶ፣ ጭብጡን ጨብጦ ይጮኻል። ምክንያቱ በትክክል አልታወቀም፤ ብዙ አየር የዋጠው ስላለቀሰ እንጂ፣ ያለቀሰው አየር ስለዋጠ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ደጋግሞ ማስገሳት አይፈታውም። ደረትሽ ላይ ቀና አድርገሽ ይዘሽው መንጎራደድ፣ ክፍሉን ጨለም ማድረግ፣ ክንድ ላይ በሆዱ አስተኝቶ ጀርባውን ማሸት ያግዛል። ተራ እየተቀያየራችሁ ያዙት።

እያስገሳሁት ወተቱ ትን ቢለውስ?

የሚያስል ወይም የሚያለቅስ ከሆነ አየር እየገባለት ነው። ፊቱን ወደ ታች ዘንበል አድርገሽ ያዢውና ይሳል። ፊቱ ላይ እፍ አትበዪ፣ ጣትሽንም በጭፍን ጉሮሮው ውስጥ አትክተቺ።

ድምፁ ከጠፋ፣ መተንፈስ ካቃተው፣ ከንፈሩና ምላሱ ከጠቆረ ጊዜ የለም። እየጮኽሽ ሰው ጥሪ። ልጁን ክንድሽ ላይ በሆዱ አስተኚው፣ ራሱ ከደረቱ ዝቅ ይበል፣ አገጩን በእጅሽ ደግፊው። በመዳፍሽ ተረከዝ በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ ጠንከር አድርገሽ ምቺው። እዚህ ላይ ቸብ ቸብ አይበቃም። ካልተለቀቀ በጀርባው ገልብጪውና ደረቱ መሐል፣ ከጡቶቹ መስመር ትንሽ ዝቅ ብለሽ፣ በሁለት ጣት 5 ጊዜ ጫኚው። እስኪለቀቅ እያፈራረቅሽ ቀጥዪ። ራሱን ከሳተ የልብና የትንፋሽ እርዳታ የሚያውቅ ሰው ይጀምርለት፣ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ቢለቀቅለትም በዚያው ቀን ይታይ።

የአየር ጉዳይ አለመሆኑን በምን አውቃለሁ? መቼ ነው የምሮጠው?

ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ በዚያችው ሰዓት ሂጂ፤ አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ደም ካለበትም እንዲሁ። ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት ያለ ልጅ በጠባ ቁጥር ወተቱን ተስፈንጥሮ እስኪርቅ የሚያስመልስ፣ ወዲያው ደግሞ ተርቦ የሚፈልግ ከሆነ የጨጓራው መውጫ እየጠበበ ሊሆን ይችላል። ይሄ በቀላል ኦፕራሲዮን የሚስተካከል ነገር ነው፤ ሲዘገይ ግን ልጁ ይደርቃል።

ጡት እምቢ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ካልነኩት የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ሆዱ ተወጥሮ ከጠነከረ፣ ሰውነቱ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሞቀ ወይም ከ35.5 በታች ከቀዘቀዘ አትቆዪ። ረጋ ብሎ ሳለ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ፤ ለጨቅላ 60 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። እርግብግቢቱ ከሰረጎደና ሽንቱ ከቀነሰ ውሃ አጥሮታል። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን ስድስት ጊዜ ገደማ ሽንት ይጠበቃል።

ቅርብሽ ወዳለው ጤና ጣቢያ፣ ፖሊም ይሁን ማራኪ ወይም አዘዞ፣ መሄድ ትችያለሽ። አረንጓዴ ትውከት፣ መንቀጥቀጥ ወይም የትንፋሽ ችግር ከሆነ በቀጥታ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው፤ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ያለው እዚያ ነው። መንገድ ላይ ገላሽ ላይ አስጠግተሽ አሙቂው፣ አፍንጫው ክፍት ይሁን። ያስመለሰበትን ጨርቅ አትጠቢው፣ በላስቲክ አድርገሽ ያዢው፤ ሐኪሙ ቀለሙን ማየት ይፈልጋል። የክትባት ካርዱንም አትርሺ፣ የቀደመ ክብደቱ እዚያ ላይ ተጽፏል።